ዝም ብዬ የመለስኳቸው ንቦች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

በአንኮበር ምድር እንደ እኔ ንብ የሚያውቅ ሰው የለም። እሺ፣ አንድ አለ፤ እሷም ሚስቴ አስካለ ናት። ንቦቹም የእሷ ናቸው፣ ከአባቷ የወረሰቻቸው። ንብ ያለበት የቀረው አንድ ቀፎ ብቻ ነው። የእኔ ድርሻ ማሩን መብላትና ለሰው ማውራት ነው። በሁለቱም ግን የሚደርስብኝ የለም።

አስካለ ደብረ ብርሃን ናት። ልጃችን መሠረት ሴት ልጅ ወልዳ ልታርሳት ሄደች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ዘነበ! ቀፎውን እንዳትነካካ! ከሩቅ እያየህ ዝም በል!» አለችኝ። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ።

እንግዲህ የቸገረኝ ይሄ ዝም የሚሉት ነገር ነው። ዛሬ ቀፎውን ስንቴ እንደከፈትኩት እኔና ንቦቹ እናውቃለን። ደህና ናቸው ወይ ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። አንዷ ጆሮዬን ነደፈችኝ። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ማታ የጎልማሶች ትምህርት ነበረን። መምህርት ፍቅርተ ፊደሉን ከመጀመራችን በፊት ዓይናችንን ታስጨፍነናለች። «ምንም አታድርጉ፤ ትንፋሻችሁን ብቻ አዳምጡ» ትላለች። እኔ፣ «የእኔስ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። እሷም ሳቀች። ከዚያ፣ «ጋሽ ዘነበ፣ ሰው የሚያደርገውንና የሚተወውን የሚለየው ዝም ሲል ነው» አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም። ግን ሳልሰርዝ ስለጻፍኩት እዚህ ይቀመጥ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ንቦቹ ቀፎው አፍ ላይ ወጥተው ተንጠልጥለዋል፣ ልክ እንደ ጢም። ይሄ ደግ ምልክት አይደለም።

የምፈራው ይሄንን ነው። ንቦቹ ይሄዳሉ። አስካለ ትመጣለች። ባዶ ቀፎ ታያለች። ብትጮህብኝ ጥሩ ነበር፤ መልስ አላጣም። እሷ ግን አትጮህም። የአባቷን ቀፎ እያየች ዝም ትላለች። እሱን አልችለውም።

ስለዚህ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከገበያ አዲስ ቀፎ ገዝቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ከአሮጌው አጠገብ ሰቀልኩላቸው። ከጠበባቸው ይዘዋወሩ ብዬ ነው። አንዲት ንብ መጥታ አሸተተችው። ዞራ ሄደች። ሌላዋም እንደዚያው።

አስካለ ደወለች። የአዲሱን ቀፎ ነገር ስነግራት፣ «በምን አጠብከው?» አለች።

«በዚያ በሚሸተው የልብስ ሳሙና ነዋ። ቤቱ ንጹሕ ይሁንላቸው ብዬ።»

ከሳቋ የተነሳ አራሷ ነቃች። «አንተ ሰውዬ! ንብ ልትሞሽር ነው? የወይራ ጭስ እንጂ ሳሙና የምትወድ ንብ የት አየህ?» አለችኝ። ሳቋ ናፍቆኝ ነበር። ሳቋን ጨርሳ፣ «ንቦቼስ?» አለች።

«ሰላም ይሉሻል» አልኳት። እንግዲህ ሰላም አላሉም ማለት አይቻልም፤ ማን ጠየቃቸው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሄዱ።

ዛሬ አቦ ነው፤ ንግሥ። ከቤተ ክርስቲያን ከጎረቤቴ ከመሪጌታ ወልዴ ጋር ስንመለስ ግቢዬ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ከቀፎው እንደ ጭስ ወጡ። በላያችን አልፈው በመሪጌታ ግቢ ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበው ተንጠለጠሉ። ከዚያ ወዲያ አየር ነው። አንድ ጊዜ ከተነሱ ቁልቁል አሊዩ አምባ ነው የሚወርዱት። ሙቀት ከለመዱ ደግሞ ወደዚህ ብርድ ማን ይመልሳቸዋል?

መጥረቢያና ጆንያ ይዤ ሮጥኩ። ቅርንጫፉን ቆርጬ ከነንቡ ጆንያ ውስጥ ልከት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አጋድመው መንገዱን ዘጉብኝ። «በአቦ ቀን ዛፌ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ ማነው?»

«የኔታ፣ እነሱ ራሳቸው በአቦ ቀን አይደል ጓዛቸውን ጠቅልለው የወጡ? እነሱን ይቆጡልኝ እንጂ!»

«እነሱንስ ማን አስወጣቸው?»

ዝም አልኩ። መሪጌታ እኔን ዝም ሲያሰኙ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል፤ ደስ አላቸው።

ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ከዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ተከናነብኩ። ሌላ ምን ላድርግ፣ መምህርት ፍቅርተ እንዳለችው ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ይህን ታሪክ ለሰው እንዴት አሳምሬ እንደማወራው ነው። እሱ አለፈ። ከዚያ ጆሮዬ በላኝ። እሱም አለፈ። ከዚያ አስካለ ባዶ ቀፎ ስታይ መጣችብኝ። እሱ አላልፍ አለ። ብቻ ትንፋሼን ማዳመጥ አልተውኩም። እየቆየ፣ ቢሄዱም እንግዲህ ክንፍ ያላቸው እነሱ ናቸው አልኩ። ንቡም ጩኸቱን ቀነሰ፣ ወይም እኔ ቀነስኩ።

ያኔ ድምፅ መጣ! ወፍራም ድምፅ፣ የአማቴ የአባ መንግሥቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። «ዘነበ፣ ቀፎዬን አምጣ» አሉኝ።

ብድግ ብዬ ወደ ቤት። ቆጡ ላይ የእሳቸው የድሮ ቀፎ አለ። አስካለ የባቄላ ዘር ታስቀምጥበታለች። ባቄላውን መደብ ላይ ዘረገፍኩት። ውስጡ የድሮ ሰም ጥቁር ብሎ ተለጥፎበታል፤ ሽታው አለ። በወይራ ቅጠል አጠንኩት።

መሪጌታ ቀፎ ተሸክሜ ሲያዩኝ የሚከለክሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ለእንግዳ ማደሪያ መስጠት ሥራ አይባልም፤ መስተንግዶ ነው» ብለው መሰላሉን ያዙልኝ። ከንቦቹ ዝቅ ብሎ ባለው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ አሰርኩት። ቀስ ብዬ። ሳልናገር። ይሄን ያየ ሰው ዘነበ አይለኝም።

«አሁንስ?» አሉኝ መሪጌታ።

«በእኛ እጅ ያለው አለቀ የኔታ። የቀረው የእነሱ ነው።»

«ይሄንንም ማታ ትምህርት ቤት ነው የተማርከው? እኛኮ ጽሞና ነው የምንለው። ስንት ዘመን ስነግርህ ኖሬ!»

«የኔታ ሲነግሩኝ እያወራሁ ነበራ።»

አጠገቤ ተቀመጡ። አመሻሹ ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ዛፉንም ንቡንም ሸፈነው። ይግቡ አይግቡ አላየሁም። ልሂድና ልዳብስ አልኩ። አልሄድኩም። ማታ ስልኩ ሲጠራ አላነሳሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከጉሙ ቀድሜ ተነሳሁ። ቅርንጫፉ ባዶ ነው። መሰላሉን አስጠግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ጆሮዬን፣ ያልተነደፈውን፣ ቀፎው ላይ አስጠጋሁ። እምምምም ይላል። አሉ! እጄ ክዳኑ ላይ ደረሰ። ከፈት አድርጌ፣ አንዴ ብቻ፣ እስቲ ደህና አደራችሁ ብዬ... እጄን መልሼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ይሄ ከመሰላሉ የበለጠ ከበደኝ።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ለባጃጅ ሰዎቹ ነገርኳቸው። ስለ ድምፁ ስነግራቸው ባጃጁ ውስጥ የነበረች ሴትዮ አማተበች። እኔም ደስ ብሎኝ ድምፁን ትንሽ አወፈርኩት።

ከዚያ ለአስካለ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ መክፈቴን፣ መሄዳቸውን፣ የአባቷን ድምፅ፣ አሁን ያሉበትን። ያ የምፈራው ዝምታ መጣ። ስልኩ ላይ የሕፃኗ ልቅሶ ብቻ ይሰማል። ቀስ ብላ፣ «አባቴ እኔንስ ጠራኝ?» አለች።

«ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርኩ...» አልኩና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አልከፈትኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አስካለ መጣች፤ የመሠረት አማት ተተክተውላት። ከሚኒባሱ ወርዳ ቤት እንኳ ሳትገባ ሻንጣዋን ለእኔ አሸክማ በቀጥታ ወደ ወይራዋ ሄደች። መሪጌታ ከበራቸው ሆነው፣ «አንቺ አስካለ፣ ባልሽን ጥለሽ ሄደሽ አሠለጠንሽልን!» አሏት። አልሰማችም። ቀፎው ሥር ቆማ ቀና ብላ አየች። አንዲት ንብ እግሮቿ ላይ ቢጫ ነገር ተሸክማ ገባች። ሌላዋ ተከተለች። የአደይ ጽጌ ነው።

«ቤት እየሠሩ ነው» አለች አስካለ።

ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። የሕፃኗን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ እኔን ትመስላለች፣ አፏ ክፍት ነው። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። እጄን ይዛ ነበር። ቀፎው ላይ እንዳይሄድ ይሁን ወይም ለሌላ፣ አልጠየቅኳትም። እሷም የድምፁን ነገር አላነሳችም። ግን ዓይኗ ይጠይቃል።

አሁን ተኝታለች። ይኖሩልን እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ብርዱ አለ፣ ሊሄዱም ይችላሉ። ዛሬ ግን አሉ።

አስኩ፣ ከእኔ ቀድመሽ የተማርሽ አንቺ ነሽ፤ ይሄን ስታገኚው እንደምታነቢው አውቃለሁ። ስለዚህ ልጻፈው። ያ ድምፅ የለም። አባትሽ አልተናገሩም። ማንም አልተናገረም። ዓይኔን ጨፍኜ ውስጤ ጭር ሲል የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ቆጡ ላይ ወጥተሽ ባቄላውን በዚያ ቀፎ ስትጨምሪ፣ አቧራው አፍንጫሽ ገብቶ ስታስነጥሺ። የሰማሁት እሱን ነው። ታዲያ ሚስቴ አስነጥሳ መራችኝ ብዬ ለባጃጅ ሰዎች ላውራ?

ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ጆሮዬ አሁንም እንዳበጠ ነው፤ ነገ እይው።