ከፎቁ ማዕዘን የሚወርደው ነፋስ

ሰኞ

ለሦስተኛ ጊዜ የወይዘሮ ታደለች ጣሪያ ተነሳ! ቆርቆሮው አስፋልቱን ተሻግሮ ወደቀ። ሰው አለመጎዳቱ ተአምር ነው። ጎረቤቴ ታደለች ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች የቆርቆሮ ሱቅ ልብስ እየሰፋች ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው በሯ ላይ ወረቀት ለጠፉባት፦ ሱቁ ከደረጃ በታች ስለሆነ እስከ ዓርብ ይነሳ።

ከደረጃ በታች! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ምስማር አልወለቀባትም። የተለወጠው ከፊት ለፊቷ የተሠራው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነው። እሱ ላይ ወረቀት የሚለጥፍ የለም።

“ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ ከእኔ ጋር ምን አለው?” አለችኝ። መልስ እሰጣታለሁ፤ ግን ለክቼ።

ማክሰኞ

ስድስት እንጨት ተከልኩ። በየጫፋቸው ከጓሯችን እንሰት የተፋቀ ቃጫ አሰርኩ።

ጠዋት 3 ሰዓት፦ ስድስቱም ተንጠልጥለዋል።
6 ሰዓት፦ ሁሉም ትንሽ ይወዛወዛሉ።
8 ሰዓት፦ ራቅ ያሉት አራቱ ያው ናቸው። በሕንፃው ማዕዘን ያሉት ሁለቱ ቀጥ ብለው ተዘረጉ፤ የአንዱ ቃጫ ተበጥሶ ሄደ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ነፋሱ ከላይኞቹ ፎቆች ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ማለፊያ ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማዕዘኑን ዞሮ በጠባቡ መንገድ ይሮጣል። መንገዱ የሚያልቀው ታደለች ሱቅ ላይ ነው።

የባጃጅ ሾፌሮች ሲያላግጡብኝ ዋሉ። “ቲቸር፣ ዳስ ነው እንዴ? ሠርጉ የማን ነው?” እየጻፍኩ ነበር።

ረቡዕ

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኢንጂነሩ ኤርሚያስ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ከዚያ ማስታወሻዬን ገልጦ ሳቀ።

“ቲቸር፣ ነፋስን በምን አንቀጽ እንክሰሰው?”

“ነፋሱን አልከሰስኩም። ሕንፃውን ያጸደቀው ማነው?”

ሳቁን አቆመ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት መጥቼ አያለሁ አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ደረቴን ነፍቼ ቤት ደረስኩ፤ ደብተሬን ገለጥኩ። ጠዋት 3 ሰዓት፦ ስድስቱም ተንጠልጥለዋል። በገዛ እጄ የጻፍኩትን! ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም።

ሐሙስ

መጣ። ቃጫዎቹ ንቅንቅ አላሉም። አብሮት የመጣው ሰው “ይኸው፣ አማን ነው” አለ። ከሰዓት ተመለሱ ብዬ ለመንኩ፤ ስብሰባ አለን ብለው ሄዱ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ታደለች ልብሶቿን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተች፣ “ባሕር ዛፎቹ እያሉ እንዲህ አልነበረም” አለች። በሕንፃውና በሱቋ መካከል ዘጠኝ ባሕር ዛፍ ነበር። አምና እድራችን ለድንኳን ቋሚ አስቆረጠው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእድሩ ጸሐፊ። አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ስለ ነፋስ አላነሳም። ስንናደድ የነበረው በባለ ፎቁ ብቻ ነው።

ባለቤቴ አስቴር “ይሄንን እንኳ ተወው፤ ለእነሱ ምክንያት ትሰጣቸዋለህ” አለች። ለጎደለ መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ለማዘጋጃ ቤቱ ባዘጋጀሁት ሪፖርት ላይ ጻፍኩት።

ዓርብ

አፍራሾቹ 8 ሰዓት ላይ መጡ። ኤርሚያስም አብሯቸው ነበር። ሪፖርቱን ሰጠሁት፤ የዛፎቹ ጉዳይ ያለበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበው።

“ይሄን ማን አስጻፈዎት?”

“ማንም።”

አንዱ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ምስማር ነቀለ። ነፋሱ ከማዕዘኑ መጣ። ቆርቆሮው ከሰውዬው እጅ ሊያመልጥ ሲል ኤርሚያስ ሮጦ ጫፉን ያዘ። እሱም ተጎተተ፤ ሁለት ሰው ተጨምሮ ቆርቆሮውን አወረዱት። የኤርሚያስ መዳፍ ተልጧል። ቀና ብሎ ሕንፃውን አየ።

“ቆርቆሮውን መልሳችሁ ምቱት” አላቸው። ለእኔ ደግሞ “ቲቸር፣ ማፍረሱ ይቁም። ለባለ ሕንፃው እንጽፋለን። እናንተም ዛፉን ትከሉ” አለኝ።

እንተክላለን። ዛፍ ግን በአንድ ክረምት አይቆምም። ባለ ሕንፃውም ደብዳቤ ደረሰው ብሎ ግድግዳውን አያዞርም።

ታደለች የስፌት መኪናዋን ወደ ቦታው መልሳ ክር አስገባች።

“ጋሼ፣ ነገም ይነፍሳል አይደል?”

“ይነፍሳል።”

“እንግዲያው በሩን ነፋሱ በማይመታው በኩል አስከፍተዋለሁ” አለችና መስፋት ጀመረች።