ወደ ኋላ ያዞርኩት ፍሬን

የካቲት 4
ልምምድ ብቻ። ታናሽ እህቴ፣ የቡድናችን መካኒክ፣ የመወዳደሪያ መኪናዬን ፍሬን ስታስተካክል ዋለች። ከመቀመጫዬ አጠገብ ትንሽ ማዞሪያ አለ፤ የፍሬኑን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍል። «ለፊቱ ትንሽ አብዝቼለታለሁ። ሳትነግረኝ እንዳትነካው፣ እሺ ወንድምጋሼ?» እሺ አልኩ። መኪናዋ ግን ኩርባ ላይ አልታጠፍ እያለች አስቸገረችኝ...

የካቲት 6
ነካሁት።
ውድድሩ መሃል፣ ከፊቴ ያለው ሲርቀኝ፣ ወደ ኋላ አዞርኩት። መጀመሪያ እንዴት ደስ ብሏት ታጠፈች! ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ተያዙ። እንደ እንዝርት ዞረች። ከዚያ የመንገዱ ዳር ግንብ...
እኔ ጭረት እንኳ የለኝም። የቡድኑ አለቃ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ?»
«ፍሬኑ ነዋ! ተስተካክሏል ተብዬ...»
ሁሉም ወደ እህቴ ዞረ። ከአፌ አመለጠኝ፣ መመለስ አቃተኝ። አቃተኝ ወይስ አልፈለግኩም?

የካቲት 7
አለቃው እህቴን አሰናበታት። እዚያው ቆሜ ነበር። ሄልሜቴን ስወለውል።

የካቲት 9
እናታችን ቤት ምሳ። እማዬ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ፣ እህቴ ቀስ ብላ፣ «ማዞሪያው የት ጋ እንደነበረ አይቻለሁ» አለችኝ።
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»
«አንተ ትናገራለህ ብዬ።»
ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። እማዬ ደግሞ «ምነው፣ አልጣፈጠህም?» ትለኛለች።

የካቲት 10
ለአለቃው እውነቱን ነገርኩት። ጋራዡ ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አለቃው ቁልቁል አየኝና፣ «ደውልላት» አለ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 13
መጣች። ግን ለአለቃው እንዲህ አለችው፦ «ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። እኔ ግን ፍሬን የማስተካክለው ሾፌሩ የሚነግረኝን ይዤ ነው። የሚዋሸኝን ሰው ይዤ ምን ላስተካክል?»
መቀመጫዬ ለተጠባባቂው ሾፌር ተሰጠ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

የካቲት 20
ጎማ ሳንከባልል ዋልኩ። ተጠባባቂው ከልምምድ ገብቶ ሄልሜቱን አወለቀ። «ኩርባው ላይ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራተተብኝ» አላት ለእህቴ። «ፍሬኑን ከልክ በላይ ረግጬው ነው መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»
እህቴ ሳቀች። «እስቲ ቁጭ በል፣ አብረን እንየው።»
«ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት እንዲህ አጭር ነገር ኖሯል እንዴ? ጎማውን እንደያዝኩ ቀረሁ።