ያልደረቀው ዱቄት

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10፣ 2015
ፔታ ቲክቫ፣ እስራኤል

ዛሬ ጋሼ ዓለሙን ከሥራ አስባረርኳቸው።

ጧት ባትሪ ፋብሪካው ስገባ ማድረቂያው ምድጃ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ለሊቲየም ባትሪው የምንጠቀምበት ፍሎሪን ያለው የካርቦን ዱቄት ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ መድረቅ ነበረበት። እርጥበት ከያዘ ባትሪው ይበላሻል።

ጋሼ ዓለሙ ከኋላዬ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ እዚህ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ትናንት ሲያጸዱ ሳያውቁት ማጥፊያውን ነክተውታል።

«ልጄ፣ ደርቋል ብለሽ ፈርሚልኝ። ለፔንሲያ፣ ለጡረታዬ፣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አሉኝ።

መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ዱቄቱን መመዘን ስጀምር ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህ ባትሪ ወታደሮች የሚይዙት ሬዲዮ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዱ ልጅ ድረሱልኝ ሲል ሬዲዮው ዝም ቢልበትስ? ሚዛኑን ትቼ ሄድኩና ለፋብሪካው መሐንዲስ ሁሉንም ነገርኳት። ፊርማዬንም ሰረዝኩት።

ዱቄቱን ወደ ምድጃው መለሱት። ልንወጣ ስንል ጋሼ ዓለሙን ቢሮ ጠሯቸው። ሲመለሱ የሥራ ልብሳቸውን አጣጥፈው ይዘዋል።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«አሰናበቱኝ። አንቺ ግን ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው። የሁለታችንም መውረጃ ሰፈራችን አሚሻቭ ነው። ፌርማታው ደረሰ። ጋሼ ዓለሙ ቤት መግባት እንደከበደው ሰው ከመቀመጫቸው አልተነሡም። እኔም ትቻቸው መውረድ አልቻልኩም። በሩ ተዘጋና አውቶቡሱ ይዞን አለፈ።