ቴግዊን በሩን የዘጋ ዕለት

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚያ ሸለቆው ውስጥ ዝናቡ አላቆመም ብለሽኛል፤ እዚህ ካርዲፍም ያው ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ይህ ደህና ከተባለ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቴሌቪዥን ድራማሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ጥሎ የማያውቀውን ቴግዊንን እንዴት ነፍሰ ገዳይ ታደርጊዋለሽ፣ ያ ሰውዬ እኮ አባባ ነው ብለሽ ወርደሽብኛል። እውነትሽን ነው። የድራማውን የጠፈር መርከብ መካኒክ ቴግዊንን ስፈጥር አረማመዱን፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ይዞት የወጣውን ሳል፣ ሻይ እስኪፈላ ማፏጨቱን ሳይቀር ከአባባ ነው የወሰድኩት። የሰፈሩ ልጆች ቴግዊን እያሉ ሲጠሩት እንዴት ደስ ይለው እንደነበር አልረሳሁም።

ግን አዲሱ አለቃችን ፒርስ መጣ። የሕፃን ጨዋታ ይብቃ፣ ተመልካቹ አድጓል፣ ጨለም ያለ ነገር አምጪ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁለቴም መለሰብኝ። ካልቻልሽ የሚችል ሞልቷል ሲለኝ እልህ ያዘኝና አመጣሁለት። መርከቧ ውስጥ እሳት ይነሳል። ቴግዊን እሳቱ እንዳይዛመት፣ ሰዎች ከውስጥ እየደበደቡ የብረቱን በር ይዘጋና፣ ድምፃቸው እስኪጠፋ ቀኝ መዳፉን የጋለው ብረት ላይ አድርጎ ይቆማል። ፒርስ እያለቀሰ አጨበጨበልኝ። ከየት አመጣሽው ሲለኝ ከራሴ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እጠላዋለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የደብዳቤሽ መጨረሻ ነው። አባባ ቅዳሜ ድራማው ሲያልቅ «ግራ እጁ ነው» ብሎ፣ እራቱን ሳይነካ ክፍሉ ገባ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሲነሳ እየተነሳ ይወጣል፤ ለገናም እንዳትመጣ ብሏል። አንቺ መቀባጠር ጀመረ፣ እርጅና ነው ትያለሽ።

አልቀባጠረም። አምና ሐኪም ቤት ሳስታምመው፣ ለእናታችሁም አልነገርኳት ብሎ አንድ ነገር አጫውቶኝ ነበር። አደራ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን በላሁት። አንቺ አትጠይቂው። ቤተ ጸሎቱ ደጅ በሚገኘው፣ በከሰል ጉድጓዱ እሳት ባለቁት ሰዎች ሐውልት በኩል ሲያልፍ ለምን ባርኔጣውን እንደሚያወልቅም አትጠይቂው። የግራ መዳፉን ጠባሳ እማዬ ምድጃ ያቃጠለው ነው ትለን አልነበር? አንቺም ምድጃ ነው በይ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። እጁን የቀየርኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ማንም እንዳያውቀው ብዬ ነው በይልኝ። ለገና እመጣለሁ። ባይከፍትልኝም አንኳኳለሁ።

ለእሱ ጤና፣ ለአንቺ ጉልበት ይስጥልኝ።

ታላቅ እህትሽ