ጥጥ ውስጥ የቀረ ቀይ ክር

ለእታለም፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ላንቺ ልጻፈው፤ ያን ዓመት ጥጡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወደዚህ በመግባቴ ይቅር በይኝ፤ ካላስቀደምኩት እንደገና እውጠዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ወንድምሽን ከቀበርነው አምስት ዓመት ሞላ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ አነባለሁ። ፊደል የለየሁት በጥጥ እስሮቹ ላይ በቀለም ከሚጻፈው ምልክት እንደሆነ ታስታውሺያለሽ፤ ዛሬ ወፍራም መጽሐፍ እጨርሳለሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

ሰሞኑን ከጥጡ ጉድፍ የምንለቅምበት ክፍል በህልሜ ይመጣል። ፀሐይ በላይኛው መስኮት ትገባለች፣ ብናኙ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ ሴቶቹ ሁሉ ደመና ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። አንቺ በመካከላችን ትሄጃለሽ፤ ጥጡን በሁለት አውራ ጣትሽ ሳብ አድርገሽ ርዝመቱን በዓይንሽ ትለኪያለሽ። ነጭ የጥጥ ሻሽ ያላሰረች፣ የሚረግፍ ሱፍ የለበሰችም አትገባም የሚለው ሕግ ያንቺ ነበር። አንዷ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ስትመጣ፣ የኔ እመቤት፣ ሠርጉ በወዲያኛው በር ነው ብለሽ የመለስሻት ትዝ ይለኛል።

እኔ ግን ወንድምሽ የገዛልኝን ቀይ የሱፍ ሻርፕ ከነጩ ሻሽ ሥር አስሬ ገባሁ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ ማለዳው ይበርድ ነበር፤ ከራሴ ላወርደው አልፈለግሁም። በር ላይ ሻሼን ያጠበቅሽልኝ አንቺ ነሽ። እጅሽ ከጆሮዬ ሥር ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ ጀርባዬን መታ መታ አድርገሽ፣ ግቢ አልሽኝ።

ሱፉ ሲረግፍ ሰነበተ። የሚገዛን ፋብሪካ ጥጡን ፈትሎ ሸምኖ ሲያበቃ በነጩ ጨርቅ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። የማኅበሩ ጥጥ በሙሉ ተመለሰ፤ ገዢውም ፊቱን ወደ ውጭ ጥጥ አዞረ። ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አታስቸግሩ አልሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ እግሬን አየሁ። ቤት ስንገባ ወንድምሽ ሻርፑን ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ወደ ሆዴ አየና ወጣ። በሳምንቱ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲህ ጥጣችን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ በርካሽ ነው የሚሄደው። አሁን የማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን ሊቀይር ተነስቷል። በማዳበሪያ ጆንያ መልቀም ይቅር፣ የጨርቅ ከረጢት ይሰፋ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ለየብቻው ይታሰር፣ የራሳችን ምልክት ይታተምበት፣ ደላላውን ትተን ከፋብሪካው ጋር እንዋዋል ይላል። ከውጭው ጥጥ የሚያሳንሰን ጥጡ ሳይሆን ውስጡ የሚገባው ጉድፍ ነው ይላል። ለዚህ እጇ ጥጥ የሚያውቅ ኃላፊ ያስፈልጋል። በስብሰባው ላይ አንዲት አሮጊት ለቃሚ ያንቺን ስም ጠራች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ እሷን ካመጣችሁማ ቀዩን ጥጥ ዝሩና ገላግሉን አለ። ሁሉም ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ያስጻፈኝ።

ነይ፣ እታለም። የላይኛው መስኮት እንዳለ ነው፤ ብናኙም እንደዚያው ይንሳፈፋል። ስትመጪ፣ በር ላይ ቆም ስላለው እጅሽ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ እስከዚያ አላነሳውም። ዓይንሽን አያድክምብኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አይለይሽ።

የወንድምሽ ሚስት

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱ ላንቺ ይመጣል። ሁለተኛውን ነገ ጠዋት፣ ቀጣዩ ስብሰባ ሳይጀመር የሚቀበለው ሊቀመንበሩ ነው፤ ያን ጊዜ በሆዴ የነበረው ልጄ።