በአውራ ጣቴ ባለሙያ ስለተባልኩበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት

ቀን፦ መጋቢት 9

ለባህል ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የውሃ ቀለም መምህርታችን ከሥራ የታገዱበት ጥፋት የእሳቸው ሳይሆን የእኔ አውራ ጣት መሆኑን ስለማሳወቅና ጣቴ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በቢሮዎ ሥር ባለው የሥዕል ማሠልጠኛ የዕቃ ግምጃ ቤት ተሸካሚና የቀን በር ጠባቂ ነኝ። በመሥሪያ ቤቱ «አባ ጉራ» ይሉኛል፤ ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ቀንተው ነው። ይህን ማመልከቻ ማንም አልጻፈልኝም። ከበራችን ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ የሚጽፈው ጎረቤቴ «እኔ እያለሁልህ?» ብሎ ተቀይሞኛል። እኔ ግን ከማታ ትምህርት ቤት ከሃያ ስድስት ተማሪ ሁለተኛ ወጥቼ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ቃሌን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ናት። ይህን ጽሑፍ አይታ አምስት ቀልድ ሰርዛብኛለች፤ ከተረፉት ውስጥ የሚያስቀይም ቢገኝ ከእሷ ዓይን ያመለጠ መሆኑን ይወቁልኝ።

1. ከሰባት ወር በፊት የንብረት ክፍል ኃላፊው ለውሃ ቀለም ክፍል ወረቀት አስመጡ። አሥራ አራት እሽግ ነው። ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ሁለቱን በአንድ ትከሻ፤ ሹፌሩ ምስክሬ ነው። ደንቡ ዕቃ ሲገባ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመርምር ይላል። በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ የነበርነው ኃላፊው፣ ሹፌሩና እኔ ነን። ቆጠሩን፤ ሦስት ሆንን፤ ኮሚቴ ተባልን።

2. ኃላፊው አንዱን እሽግ ቀደው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። እንደ መስታወት ያበራል። ጢማቸውን አስተካከሉበትና «ምን ይመስላችኋል?» አሉን። ሹፌሩ በዕቃ ጉዳይ አስተያየት የሚሰጠው ዕቃው ጎማ ሲሆን ብቻ ነው። እኔን ግን እግዜር ሲፈጥረኝ ዝምታ አልቆበት ነበር መሰለኝ። በእጄ የነበረውን የመጠጥ ውሃ ብርጭቆ አንስቼ ወረቀቱ ላይ ደፋሁት። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ወረቀቱ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። «ይኸውላችሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ «የውሃ ቀለም ወረቀት ማለት ውሃ የማይደፍረው ነው!» ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ እኮ ባለሙያ ነህ!» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር። ለካ ሹመት ኖሯል።

3. ቀጥሎ ፎርም ወጣ። «እዚች ጋ» አሉኝ፤ ጣቴን ነከርኩ፤ አተምኩ። ያን ጊዜ ፊደል ገና አልጨረስኩም ነበርና የተጻፈውን አላነበብኩም። ከዚያ በፊት ለመጥረጊያ፣ ለአምፖልና ለወንበር አትሜአለሁ። መጥረጊያው ይጠርጋል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ጣቴ አሳፍሮኝ አያውቅም።

4. ክቡርነትዎ ሥዕል አጥብቀው እንደሚወዱ በየመክፈቻው ከሚያደርጉት ንግግር ርዝመት አውቃለሁ። ወረቀቱን ግን በእጅዎ ነክተውት ላያውቁ ይችላሉና ልንገርዎ። የውሃ ቀለም ወረቀት ወፍራም፣ ሻካራና ጠጪ መሆን አለበት። መምህርታችን ወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ በውሃ ያርሱታል፣ ጠርዙን ሙጫ ባለው ወረቀት ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ ነው ብሩሽ የሚያነሱት። ነጭ ቀለም አይጠቀሙም፤ ነጩ እዚያው ሳይነካ የሚተወው ወረቀት ነው። ተማሪዎቻቸውን «የማትነኩትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ» ይሏቸዋል። ይህን ትምህርት ከተማሪዎቹ ይልቅ አለቆች ቢወስዱት ባይ ነኝ። (ይህ ከባለቤቴ ያመለጠ ነው።)

ይህን ሁሉ የማውቀው ውሃ ቀያሪ ስለሆንኩ ነው። ሃያ ሁለት ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ አንዱ ንጹሕ፤ ሲደፈርስ እደፋለሁ፣ ሲጎድል እሞላለሁ። ቀለሙ ከእሳቸው ነው፤ ውሃው ግን ከእኔ ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ሥዕል የእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

5. መምህርታችን ወረቀቱን ባዩ ዕለት «ይሄ ለፎቶግራፍ ነው ወይስ ለቸኮሌት መጠቅለያ?» ብለው ለንብረት ክፍል ጻፉ። ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። መልስ መጣ፦ «ወረቀቱ በሥዕል ቁሳቁስ ባለሙያ ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው።» ሁለተኛም ሦስተኛም ጻፉ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው፤ መልሱ ያው። ሦስተኛውን መልስ ብርጭቆ እየሞላሁ ጮክ ብለው አነበቡልኝና «ይሄ ባለሙያ የተባለው ሰውዬ በሕይወቱ ብሩሽ ነክሮ ያውቃል?» አሉ። እኔም «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነቱን ራሱን መንከር ነው» አልኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ወፍ ዘራሽ ባለሙያ አብረን ስንረግም ከረምን። እሳቸው ይጀምራሉ፣ ስድቡን የማሳምረው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

6. ሌላ ወረቀት እንደማይመጣ ሲያውቁ መምህርታችን ዘዴ ፈጠሩ። ቀለሙ ውስጥ አንዲት ጠብታ የሳሙና ውሃ ጨመሩ፤ ቀለሙ መንከባለሉን ትቶ ወረቀቱ ላይ ተኛ። ግን ወረቀቱ አልጠጣውም፤ ላዩ ላይ ደረቀ እንጂ። እርጥብ ነገር ከነካው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህንንም ደብቀው አልያዙትም። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለሚያሳዩበት ዓውደ ርዕይ ሥዕሎቹ በመስታወት እንዲገቡ ጠየቁ፤ «በዕቅድ አልተያዘም» ተባሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር «እርጥበት ይፈራል፤ እባክዎ አይንኩ» ብለው በትልልቁ ጽፈው ለጠፉ። ማስታወቂያው የሚነበብ እንደነበር እመሰክራለሁ፤ እኔ አንብቤዋለሁ። እኔ ያነበብኩትን ማንበብ የሚያቅተው ሰው ካለ ማታ ማታ ቦታ አለ፤ ምዝገባው አሁንም ክፍት ነው።

7. የመክፈቻው ቀን ካፊያ ነበር። ከመኪናዎ እስከ በሩ ጃንጥላ የያዝኩልዎ እኔ ነኝ። ራስዎን ጠብታ አልነካዎትም፤ የቀኝ ክርንዎ ግን ከጃንጥላው ውጭ ቀርቶ ነበር። ለዚህኛው ጥፋት ግማሹን እቀበላለሁ። ክቡርነትዎ ገብተው፣ ተናግረው፣ ፎቶ ሲነሡ ያቺ እርጥብ ክርን አንድ ሐይቅ ላይ አረፈች። ሐይቁ አራት ወር የፈጀ የአንዲት ነርስ ሥራ ነው፤ ከሥራ መልስ እየመጣች የሣለችው። ክቡርነትዎ ቀና ሲሉ ሐይቁ በነጭ ኮትዎ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ጀልባ በደረቅ መሬት ነው። በአዳራሹ የሳቀው ሰው ማን እንደሆነ ይጣራ ብለዋል አሉ። እኔ ነኝ። ማጣራቱ ይቁም።

8. በሦስተኛው ቀን የእገዳው ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ አልተሳሳትኩም። «በባለሙያ በተረጋገጠ ወረቀት ላይ ቀለም እንዲይዝ አድርገው ባለማስተማራቸውና በክቡር እንግዳ ላይ ጉዳት በማድረሳቸው» ይላል። ደሜ ፈላ። ያንን ባለሙያ ፈልጌ ልክ ልኩን ልነግረው ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፋይሉን ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። «የሥዕል ቁሳቁስ ባለሙያ» ይላል፤ ከጎኑ አውራ ጣት አለ። በጣቱ መሐል ለመሐል አግድም ጠባሳ ያልፋል። ባለፈው ዓመት የሣጥን ምስማር የቀደደኝ ቦታ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ እክድ ነበር፤ ክህደት ላይም እንደማልታማ ይወቁልኝ።

9. ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ሄድኩ። በር ዘጉና «ጣት ፊት አይደለም፤ ማን ይለይሃል? ዝም ብለህ ውሃህን ቀይር» አሉኝ። ቀጥለውም ከበር አንሥተው ግምጃ ቤቱ ውስጥ በወንበር የሚሠራ ሥራ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር ወንበሩን ሄጄ አይቼዋለሁ። መደገፊያ አለው። ለሁለት ቀን ነገሩን አሰብኩበት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ለባለቤቴ ጉዳዩን እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። «እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ምን ልታነብ ነው? የእሳቸውን ማሰናበቻ?» አለችኝ። አንደኛ የወጣችው በከንቱ አይደለም።

10. የፊታችን ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። በመምህርታችን ላይ የቀረበው ማስረጃ ያ ፎርም ብቻ ነው። ከተፈረደባቸው ይሰናበታሉ፤ የውሃ ቀለም ክፍሉም ይዘጋል። ከወዲሁ ብሩሾቹ ተሰብስበው ግምጃ ቤቴ መጥተዋል፤ ያመጣቸው ሰው ጸጉራቸውን ቁልቁል በጣሳ ደፍቷቸው ነበር። እንዲያ ከቆዩ ይጣመማሉ። ቀና አድርጌ አቁሜአቸዋለሁ፤ ያለ ፈቃድ የንብረት አቀማመጥ ለውጠሃል ከተባልኩም ጥፋቴ ላይ ይጨመርልኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የጣት ወለምታ ግን በብዕር ይታሽ እንደሆነ ብዬ መጥቻለሁ። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) በዚያ ፎርም ላይ ያለው ጣት የተሸካሚ እንጂ የባለሙያ አለመሆኑ እንዲመዘገብልኝ። የወረቀቱን ክብደት አረጋግጫለሁ፤ ከባድ ነው፤ በዚህ ጸንቼ እቆማለሁ። ስለ ጠባዩ ግን ያልኩት ሁሉ ጉራ ነው።

ለ) ሐሙስ ዕለት በኮሚቴው ፊት ቀርቤ ይህንኑ በቃሌ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ። ከአሥር ደቂቃ አላልፍም። ካለፍኩ ያስቁሙኝ፤ ሌላው እንደማይችል አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ትመጣለች።

ሐ) መምህርታችን ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱና ለተማሪዎቹ የሚጠጣ ወረቀት እንዲገዛ፤ ሲገዛም የሚመረምሩት ራሳቸው መምህርታችን እንዲሆኑ። የቀረውን ዘጠኝ እሽግ ግን ቢሮው ለምስጋና የምስክር ወረቀት ይጠቀምበት። እሱ እንደሆነ ምንም ነገር አይዘልቀውም።

መ) በእኔ ላይ የሚወሰን ቅጣት ካለ እቀበላለሁ። ብቻ በአፍ አይነገረኝ። በጽሑፍ ይሰጠኝና ራሴ ላንብበው፤ ተቀብያለሁ የሚለውም ቦታ ላይ ፊርማ የሚበቃ ባዶ መስመር ይተውልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከሙሉ አክብሮትና ከትንሽ ፍርሃት ጋር፣

(ፊርማ)
አባ ጉራ
የግምጃ ቤት ተሸካሚ፣ በር ጠባቂና ውሃ ቀያሪ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለንብረት ክፍል ኃላፊ
ለውሃ ቀለም መምህርት፣ በመኖሪያ ቤታቸው፦ እትዬ፣ ያ ባለሙያ እኔ ነኝ። ይህን ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ቤትዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ አስቄዎት ተመለስኩ። በአፌ እውነት መናገር አልለመድኩም። ይቅር ይበሉኝ።