ጉልበቷ ደህና ነው

ሰኞ
ወጌሻውን ጋሽ ደምሴን እግዜር ይስጣቸው። የልጄ የሊዲያ ጉልበት ዓርብ ዕለት ዳቦ አክሎ ነበር። በቅቤ አሽተው ካሰሩላት ወዲህ ግን እብጠቱ ጠፋ። ገመድ ስትዘል ወለም ብሏት ነው ብለን ነበር። አባቷ «እጃቸው መድኃኒት ነው» እያለ ለሰፈሩ ሲያወራ ዋለ።

ማክሰኞ
ዛሬ ደግሞ ክርኗ! ቀልቷል፣ ይፋጃል፣ አያስነካም። በክርኗ አልወደቀችም። ትኩሳትም አላት። አባቷ ወጌሻው ጋ እንመለስ አለ። «ከጉልበቷ ወደ ክርኗ ሲዞር እያየህ?» አልኩት። ተኮራረፍን።

ረቡዕ
ሆስፒታል። ሐኪሟ ክርኗንም ጉልበቷንም ትታ ስለ ጉሮሮዋ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ከሳምንታት በፊት ቶንሲል አሟት ነበር። ሎሚና ማር ሰጠኋት፣ አለፈ። ለካ አላለፈም።
ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉ። ኢሲጂ የሚሉት መሣሪያ የልቧን ምት ወረቀት ላይ ሣለው። ሐኪሟ ትንሿን ጉብታና ቀጥሎ ያለውን ሹል በእስክሪብቶ አሳየችኝ። «በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ረዝሟል። ከላይኛው የልቧ ክፍል የሚነሳው ምልክት ታች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ይሄ ብቻውን ቢሆን አልፈርድም ነበር። ግን እብጠቱ አለ፣ በማዳመጫውም ከልቧ ያልተለመደ ድምፅ ሰምቻለሁ። ልቧ ተቆጥቷል።»
ሩማቲክ ፊቨር ይባላል፣ በደንብ ያልታከመ ቶንሲል የሚያመጣው ነው አለች። መገጣጠሚያን አሳብጦ ይለቃል፣ ልብን ግን... አልጨረሰችውም። አልጋ ሰጡን።

ሐሙስ
ትንፋሿ ያጥራል። ዝምታዋ ግን ይብሳል፤ ሊዲያ ዝም ብላ አታውቅም። ከሰዓት ላይ «እማ፣ ልቤ ሰነፍ ነው እንዴ? ለምን ይዘገያል?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ከሳምንት በኋላ
ሌላ ኢሲጂ ተነሳች። ርቀቱ ተስተካክሏል! ሐኪሟን ላቅፋት ስል «ቆይ» አለችኝ። ወረቀቱ ቢስተካከልም ድምፁ አልጠፋም። አንዱ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም፣ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። በየወሩ መርፌ፣ ለዓመታት። ቶንሲሉ ከተመለሰ ልቧን ይጨርሰዋል። ሩጫ ለጊዜው የለም። ገመድም።
ከሆስፒታል ለቀቁን። አዲሱ ገበያ ከታክሲ ወርደን አባቷ አዝሏት አቀበቱን ወጣ። ትልቅ ልጅ ናት፣ አፍራ ፊቷን ጀርባው ላይ ደበቀች። ጋሽ ደምሴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።
«ጉልበቷስ?» አሉን።
አባቷ መሬት መሬት አየ።
«ደህና ነው» አልኳቸው። አልዋሸሁም። ጉልበቷ ደህና ነው።